ማጫወቻው ምን አጠፋ?

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ፣ ኬንቲሽ ታውን ወደሚኖር ወዳጄ ቤት ስሄድ ከአንድ በር ፊት ባለ አጭር ግንብ ላይ ጥቁር ሲዲ ማጫወቻ ተቀምጦ አየሁ። ላዩ ላይ «የፈለገ ይውሰድ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ለንደን ውስጥ ይህ የተለመደ ነው፤ ወንበሩም፣ መጽሐፉም፣ ድስቱም ከቤት የሚወጣው እንዲሁ ነው። ማጫወቻውን ታቅፌ ወዳጄ ቤት ስገባ የተቀበለኝ ሳቅ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ደግሞ ከየት ለቀምከው? እኛ እኮ የጣልነው ከአሥር ዓመት በፊት ነው!»

ቡና ለመጠጣት የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ደገመው። የምሟገተው ከዚያ ቃል ጋር ነው። ሲዲ ማጫወቻ ጊዜው አልፎበታል፤ የዛሬው ስልክና የዛሬው ስፒከር በድምፅ ጥራት ጥለውት ሄደዋል፤ አሮጌውን ማውጣት ቤት እንደ ማጽዳት ነው ይባላል። እኛ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ይህ ከክርክር በላይ የሆነ እውነት ሆኗል። የማውቃቸው ሰዎች በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ያወጡበትን የሙዚቃ ስብስብ በዚህ እምነት ብቻ ጥለዋል። እኔ ማታ ማታና ቅዳሜ ከሥራ ውጪ የድምፅ ዕቃ ስጠግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እምነቱ ስሕተት መሆኑን በጆሮዬም በመለኪያም አውቀዋለሁ።

ከመሠረቱ ልጀምር። (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሶኒና ፊሊፕስ በ1980 የሲዲን ደንብ ተስማምተው ጻፉ። በኦክቶበር 1982 የሶኒው ሲዲፒ-101 ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ፤ ብሪታንያና አውሮፓ በማርች 1983 ደረሳቸው። ደንቡ የሚለው፣ ድምፁ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ይለካ፣ እያንዳንዱም ልክ በ16 ቢት ይጻፍ ነው። ቁጥሩ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የጤነኛ ወጣት ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ሄርዝ ነው። አንድን ሞገድ ሳያጎድሉ መልሶ ለማውጣት ደግሞ ከሞገዱ ድግግሞሽ እጥፍ ትንሽ የሚበልጥ ልኬት በቂ እንደሆነ የሒሳብ ሊቁ ክላውድ ሻነን በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ በሒሳብ አረጋግጦታል። «በልኬቶቹ መካከል ያለው ድምፅ ይጠፋል» እየተባለ የሚነገረው፣ ለጆሮ የሚመች ወሬ እንጂ እውነት አይደለም። ጆሮ ከሚሰማው ውስጥ የሚጠፋ የለም።

16ቱ ቢትስ? ከጸጥታው አንሥቶ እስከ ከፍተኛው ድምፅ 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይሰጣል። ይህን ስፋት ሳሎናችሁ ውስጥ አስቡት። ለንደን ውስጥ ሌሊት፣ መስኮት ዘግቶ፣ ጸጥ ያለ ክፍል ራሱ 30 ዴሲቤል ያህል ድምፅ አለው፤ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ የማሞቂያው ቱቦ ይንቋቋል፣ ከታች አውቶቡስ ያልፋል። በ30ው ላይ 96 ብትጨምሩበት 126 ይሆናል፤ ይህ ጆሮ የሚያሳምም ድምፅ ነው። እንግዲህ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልሰው የዛሬ ቺፕ 120 ዴሲቤል ስፋት አለው ሲባል እውነት ነው፣ ተለክቷል፣ አልክድም። ግን ያ ትርፍ የሚያርፈው የሰው ጆሮ በማይደርስበት ቦታ ነው። በ24 ቢትና በ192,000 ልኬት የሚሸጠው ፋይልም እንደዚያው ነው፤ ከሃምሳ ያለፍነው ሰዎች እንኳንስ ከ20,000 ሄርዝ በላይ ያለውን፣ 15,000ውንም ብዙዎቻችን አንሰማውም።

የመጀመሪያዎቹ ማጫወቻዎች እንከን አልነበረባቸውም ማለቴ አይደለም። በሲዲፒ-101 ውስጥ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልሰው ክፍል አንድ ብቻ ነበር፤ ግራና ቀኙን በየተራ ነበር የሚያስተናግደው። ከ20,000 ሄርዝ በላይ ያለውን የሚቆርጠውም ማጣሪያ እንደ ገደል ቀጥ ያለ በመሆኑ የራሱን ዐመል ይዞ ይመጣ ነበር። ፊሊፕስ ሌላ መንገድ መረጠ፤ እጁ ላይ የነበረው ቺፕ 14 ቢት ቢሆንም ልኬቱን አራት እጥፍ አብዝቶ በማስኬድ ከ16 ቢት የማይተናነስ ውጤት አወጣበት። ሜሪዲያን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የፊሊፕስን ማጫወቻ ወስዶ፣ ውስጡን አሻሽሎ በራሱ ስም ሸጠ። በ1985 ፊሊፕስ ባለ 16 ቢቱን ቺፕ ቲዲኤ1541 አመጣ። አሥርቱ ዓመት ሲያበቃ ሥራው አልቋል ማለት ይቻላል፤ ደህና ተደርገው በተሠሩት ማጫወቻዎች መካከል የቀረው ልዩነት መለኪያ የሚይዘው፣ ጆሮ የማይይዘው ነው። «ሲዲ ድምፁ ደረቅ ነው» የሚለው የድሮ ስሞታም ብዙው የማሽኑ አልነበረም። ለሸክላ ተብሎ የተዘጋጀ የቴፕ ቅጂ እንዳለ ወደ ሲዲ ሲገለበጥ የሸክላውን ጉድለት ለመሸፈን የተጨመረው ቅመም ሁሉ አብሮ ይገለበጥ ነበር።

ወደ ዘመናዊው ልምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ሲዲ በየሰከንዱ 1,411 ኪሎቢት ያቀብላል። ዩቲዩብ ላይ የምንከፍተው ዘፈን ብዙ ጊዜ 128 ኪሎቢት አካባቢ ነው፤ አንድ አሥራ አንደኛ ገደማ። የተቀረው የት ሄደ? «ጆሮ አይለየውም» ተብሎ ተቀንሷል፤ የመቀነሻው ስልት ጎበዝ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ችግሩ በዚህ አለመቆሙ ነው። ስልኩ የተቀነሰውን ድምፅ ፈትቶ በብሉቱዝ ሊልክ ሲል እንደገና ይቀንሰዋል። ሁሉም የብሉቱዝ ስፒከር የሚያውቀው ኤስቢሲ የተባለው ስልት በደህናው ቀኑ 328 ኪሎቢት ነው። ሁለት ጊዜ የተቀነሰው ድምፅ ከዚያ የሚደርሰው የውኃ ጠርሙስ የሚያህል አንድ ሣጥን ዘንድ ነው። ስፒከር አየር የሚገፋ ዕቃ ነው፤ ሶፍትዌር የቱንም ያህል ቢራቀቅ ትንሽ ጉሮሮ የሚገፋው ትንሽ አየር ነው። ግራና ቀኝም አንድ ቦታ ላይ ተደርበዋል። እኛ ደግሞ የዚህን መንገድ መጨረሻ እየሰማን «ዘመናዊ ድምፅ» እንለዋለን።

ያን ቀን ወዳጄ ቤት የተከፈተው በገና ነበር፤ ጾም ነውና። አክስቱ ከአዲስ አበባ መጥተው እሱ ዘንድ ይቀመጣሉ፤ አባታቸው በገና ደርዳሪ እንደነበሩ ነግረውኛል። ስልኩ መስኮቱ ሥር ካለው ብሉቱዝ ስፒከር ጋር ተገናኝቶ ይደረደራል፤ እሳቸው ፈንዲሻ እየለቀሙ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። በገና የሚጮኽበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ምን እንደጎደለ ወዲያው ይገባዋል። በአሥሩ ጅማት ሥር፣ ጅማቱ በሚያርፍበት ቦታ፣ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ጅማቱ ሲነካ ቆዳውን እየመታ ይነዝራል፤ ያ የንብ መንጋ የሚመስል ነዘር የበገና ነፍሱ ነው። ወፍራም ድምፅ ሥሩ አለ፣ በላዩ እጅግ ቀጫጭንና ፈጣን የሆነ ጫጫታ ይከተለዋል። የድምፅ መቀነሻው ስልት የሚፈተነው በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የሚጣል ትርፍ አያገኝበትም፣ ሁሉም ተፈላጊ ነውና። ከዚያ ስፒከር የሚወጣው በገና ክራር ከጨርቅ በታች ሆኖ የሚመታ ይመስል ነበር።

ወዳጄ ደረጃው ሥር ባለው ጓዳ የ90ዎቹ አምፕሊፋየርና ጥንድ ስፒከር እንዳስቀመጠ አውቃለሁ። አወጣናቸው። ስፒከሮቹን ሁለት ሜትር አራርቀን አቆምን። የታቀፍኩትን ማጫወቻ ከማገናኘቴ በፊት መከፈት ነበረበት፤ መሳቢያው አልወጣ ብሎ ተቆልፏል። ሰው እንዲህ ያለውን ማጫወቻ «ሞቷል» ብሎ ያወጣዋል። ስፒናውን ነቀልኩ፣ ወዳጄ ካቻቢቴ አመጣ፣ የክዳኑን ቪቴዎች ፈታሁ። መሳቢያውን የሚጎትተው ከጸጉር ላስቲክ የማይበልጥ የጎማ ቀበቶ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ደርቆ ተልፈስፍሷል። ለጊዜው በሙቅ ውኃ ነክሬ፣ አድርቄ መለስኩት፤ አዲሱን በኋላ በሦስት ፓውንድ ገዛሁ። ሌንሱ የምስር ፍሬ ታህላለች። ጥጥ በአልኮል ነካ አድርጌ አንዴ ብቻ አሻሸኋት። ሌንሷን የተሸከመው ክፍል የሚንሸራተትበት ብረት ላይ ያለው ግራሶ እንደ ሙጫ ሆኖ ነበር፤ ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

የዓለሙ አጋን የበገና ሲዲ በቦርሳዬ ይዤ ነበር፤ «ኢትዮፒክስ» ከተባለው ተከታታይ 11ኛው ነው። ሲዲው ዞረ። ከውስጥ ወደ ውጭ እያነበበ ሲሄድ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ500 ዙር ወደ 200 ይወርዳል፤ ለዓይን የማይታይ ጨረር ከአምስት ኪሎ ሜትር የሚረዝም አንድ መሥመር ላይ ይሄዳል። ጭረት አለበት፤ ግን ደንቡን የጻፉት ሰዎች ቁጥሮቹን አበጣጥረው ስለጻፏቸው እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጥፋት ቢያጋጥመው ከሌላ ቦታ አሰባስቦ እንዳልነበር አድርጎ ያርመዋል። የመጀመሪያው ጅማት ሲነካ አክስቱ ፈንዲሻውን አስቀመጡ። «አሁን ነዘረ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

እዚህ ላይ ማቆም ለክርክሬ ይመቸኝ ነበር፤ ግን ሐቀኛ አይሆንም። ያ ልዩነት የማጫወቻው ብቻ አልነበረም፤ ስፒከሩም ተለውጧል። ስለዚህ ያንኑ ሲዲ ምንም ሳይቀነስ ከያዘ ስልክ በሽቦ ወደዚያው አምፕሊፋየር አስገባሁ፤ የሁለቱን ድምፅ በቮልት መለኪያ እኩል አደረግሁ። ይህ ግድ ነው፤ ጥቂት ከፍ ያለው ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና፣ ገዢ የሚሞኘው በዚህ ነው። የቱ እየተጫወተ እንደሆነ ሳልነግራቸው ሰዎቹን ጠየቅሁ። አንድም የለየ አልነበረም። እኔም ጀርባዬን አዙሬ ስሰማ አልለየሁም። በብሉቱዝ ሲሆን ግን ወዲያው ታወቀ። እንግዲህ የኔ ክርክር «አሮጌው ይበልጣል» አይደለም፤ አሮጌው ከአዲሱ ምርጥ ጋር እኩል ነው፣ አብዛኞቻችን ከምንጠቀምበት አዲስ ደግሞ በግልጽ ይበልጣል ነው። በ2007 ሁለት አሜሪካውያን፣ ሜየርና ሞራን፣ በድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ያወጡት ጥናትም ወደዚሁ ያመራል፤ ከሲዲ የላቀ የተባለውን ቅጂ በሲዲ ልክ ካሳለፉት ጋር ለአድማጮች አቀረቡ፣ 554 ጊዜ ተሞከረ፣ በትክክል የተለየው ከግማሹ አልበለጠም። ሳንቲም ቢወረውሩም ያው ነው።

አፕል በ2021፣ ስፖቲፋይ በ2025 ምንም ያልተቀነሰበት ድምፅ ማቅረብ ጀምረዋል። መልካም ነው፤ ደስ ብሎኛል። ግን የስፖቲፋይ ልኬት ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ 44,100 ነው። በ1980 የተጻፈው ቁጥር። በተራ ብሉቱዝ ከሰማችሁት ደግሞ ይቀነሳል።

በሌላው ጫፍ ያሉትንም አልደግፍም። ቲዲኤ1541 ቺፕ ያለበትን ማጫወቻ እንደ ጽላት የሚያዩ፣ ሁለት ዘውድ የታተመበትን ደግሞ በብዙ ገንዘብ የሚገዙ አሉ። እሱም ያው ስሕተት ነው፤ ጥራቱን ዕቃው ውስጥ ይፈልጉታል፣ ያለው ግን ቅጂው ውስጥ ነው። ይህ ለኛ ሙዚቃ ከሌላው ይልቅ ይሠራል። ከ70ዎቹ መጨረሻ በኋላ ዘፈናችን ይደርሰን የነበረው በካሴት ነው፤ ከካሴት ወደ ካሴት፣ ከዚያ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ዩቲዩብ። የካሴት ሹክሹክታ የገባበትን ቅጂ ማንም ማሽን አያድነውም፣ የ1985ም የ2025ም። ሰው ግን ደብዛዛውን ዘፈን ሰምቶ ማጫወቻውን ይወቅሳል።

ይህን ሁሉ የምለው ለማሽን ፍቅር ብቻ አይደለም። ለንደን ስመጣ ቶተንሃም ኮርት ሮድ ዳር እስከ ዳር የድምፅ ዕቃ ሱቅ ነበር። የአፍሪካን ሙዚቃ ለአውሮፓ በማድረስ ስሙ የሚነሣው ስተርንስ መነሻው እዚያው ጎዳና ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነው። በ1989 የአስቴር አወቀን «አስቴር» አልበም ያወጣው ትሪፕል ኧርዝ የለንደን ኩባንያ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ ወጣት ሳለ የተማረው ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ነው፤ በ1998 የወጣው «ኢትዮፒክስ» 4ኛው የሱ ነው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ 21ኛው ሆኖ በ2006 ወጣ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ፓሪስ ላይ ያሳተማቸው እነዚህ ሲዲዎች እያንዳንዳቸው ትንሽ መጽሐፍ አላቸው፤ ፎቶው፣ ዘመኑ፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋ፣ ማን እንዳቀናበረ፣ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ ሸክላ እንዴት እንዳሳተመ። ዩቲዩብ ላይ ያው ዘፈን ሲጫን ምን ተጽፎ ታገኛላችሁ? የዘፋኙ ስም፣ እሱም ብዙ ጊዜ በስሕተት፣ ከዚያ «ምርጥ የድሮ ዘፈን»። ከበሮውን የመታው፣ ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው ጠፍተዋል። የጫነው ሰውም መብቱ የለውም፤ ሲፈለግ በአንድ ጠቅታ ይወርዳል። ሁለተኛ እጅ ሲዲ ስንገዛም ለሙዚቀኛው ሳንቲም አይደርሰውም፣ ይህን አውቃለሁ፤ ቢያንስ ግን ስሙ አይጠፋም።

«ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው፣ ማጫወቻውን ጣለው» የሚሉኝም አሉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ሕጉን ግን አያውቅም። ብሪታንያ ለግል መጠቀሚያ ሲዲ መገልበጥን በኦክቶበር 2014 ፈቅዳ ነበር፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጁላይ 2015 ደንቡን ሻረው። ሲዲውን መግዛት፣ ማጫወት፣ ለልጅ ማውረስ ግን ማንም አይከለክልም።

ማጫወቻ ያረጃል፤ ሌንሱ ይደክማል፣ ለአንዳንዱ የፊሊፕስ ሥሪት መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ነው፣ ሲዲ ማንበብ ያቃተው ማሽን ሁሉ አይድንም። ይህን ሳልደብቅ እላለሁ። ግን ጓዳችሁ ውስጥ ያለው መሳቢያው ስላልወጣ ብቻ ከሆነ የተፈረደበት፣ ከላይ ያየነውን የሦስት ፓውንድ ቀበቶ አስቡ። አምፕሊፋየር ባይኖራችሁ እንኳ ከጀርባው ያለውን የዲጂታል መውጫ ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ አላቸው። በዚያ በኩል ከወጣ የውስጡ ቺፕ ዕድሜ አያገባችሁም፤ ቁጥሩ እንዳለ ወጥቶ በአዲሱ መሣሪያችሁ ወደ ድምፅ ይመለሳል፣ አሮጌውና አዲሱ አብረው ይሠራሉ።

ያን ማታ ወደ ግንቡ ተመለስኩ፤ ማጫወቻውን ስወስድ አጠገቡ አንድ ካርቶን ሲዲ አይቼ ነበርና። ማንም አልነካውም። ወዳጄ «ዝናብ ሳይመታው» ብሎ ኮቱን ደርቦ አብሮኝ ወጣ፣ ካርቶኑንም ራሱ ተሸከመው። ማጫወቻው አሁን አክስቱ ክፍል ነው። የማስጀመሪያውን ቁልፍ ከሌሎቹ እንዲለዩት በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግሁላቸው።